ከልማዴ ውጭ ያነበብኩት ልቦለድ



እኔ ልቦለድ አንባቢ አይደለሁም። ልጅ ሳለሁ ጠዋት ቀለም ትምህርት ቤት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ደግሞ መድረሳ ነበር የምውለው። በሁለቱም ቦታ እውነት እውነቱን እንዳነብ እየተመከርኩ ስላደግሁ፣ መደርደሪያዬን የሞሉት የሲራ፣ የታሪክና የማስተምረው የሒሳብ መጻሕፍት ናቸው። ልቦለድን «ያልተፈጠረ ሰው ወሬ» እያልኩ አልፈው ነበር።

ባለፈው ሚያዝያ እዚሁ ሐዋሳ በማስተምርበት ክፍል አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ወፍራም መጽሐፍ ደብተሩ ሥር ደብቆ ሲያነብ ያዝኩት። «ቲቸር፣ ጥቂት ገጽ ነው የቀረኝ» ብሎ ቢለምነኝም ነጠቅሁት። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነበር።

ቤት ወስጄ ጠረጴዛ ላይ ጣልሁት። አብራን የምትኖረው ታላቅ እህቴ አነሣችውና ሽፋኑን ዳበሰችው። «ይህን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ» አለች።

«እትዬ፣ የሌለ ሰው ታሪክ ምን ይጠቅማል?»

«የሰብለን ነገር ሳታውቅ አትፍረድ» ብላኝ ወደ ጓዳ ገባች።

ያን ምሽት ከዒሻ በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ መብራት ጠፋ። ሻማ ለኩሼ፣ ከእህቴ ጋር ልከራከርበት ስል መጽሐፉን ገለጥሁት።

መጀመሪያ እንግድነት ተሰማኝ። የጎጃም ገጠር፣ ደብሩ፣ ቅኔው፣ የመኳንንቱ ወግ ለእኔ ሩቅ ዓለም ነው። ነገር ግን የበዛብህ እናት ልጇ እንዲተርፍላት ለቤተ ክርስቲያን አገልጋይነት መሳሏን ሳነብ፣ በሱረቱ ኣሊ ዒምራን የተወሳችው የዒምራን ሚስት ትዝ አለችኝ። እርሷም በሆዷ ያለውን ለአላህ (ሱ.ወ.) ቤት አገልግሎት ተስላ ነበር፤ የወለደችውም መርየምን ነው። በዛብህ ትምህርት ፍለጋ ከወላጆቹ ሲለይ ደግሞ ኪታብ ለመቅራት ስንቃቸውን አዝለው በወሎ ከሐሪማ ሐሪማ ይዞሩ የነበሩት ደረሶች ታዩኝ። ሃይማኖቱ ሌላ ነው፤ የእናት ጭንቀትና የተማሪ ረሃብ ግን አንድ ነው።

ደራሲው ራሱ የቄስ ልጅ ነው። በ1902 ዓ.ም. ጎጃም ተወልዶ የቤተ ክህነት ትምህርት ከተማረ በኋላ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገባ። ጣሊያን አገራችንን ሲወር ዘምቶ ተማርኮ፣ ጣሊያን አገር ታስሮ ኖሯል። ኋላም በአምባሳደርነትና በሚኒስትርነት አገልግሎ በ1996 ዓ.ም. አረፈ። ይህን ልቦለድ ያሳተመው በ1958 ዓ.ም. ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ ነው። ሁለት ዓይነት ትምህርት በአንድ ራስ የያዘ ሰው መሆኑን ሳውቅ፣ መድረሳና ቀለም ትምህርት ቤት ተካፍለው ያሳደጉኝ እኔም ቀረብኩት።

እንቅልፍ የነሣኝ ግን ፊታውራሪ መሸሻ ነው። ባላባቱ ፊታውራሪ ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል የሚመጣውን ጠያቂ ሁሉ «በዘር አይመጥነንም» እያሉ ይመልሳሉ። ዓመታት ያልፋሉ፤ ልጅቱ የእኩዮቿን ሠርግ እያየች ትቀራለች። እዚህ ላይ መጽሐፉን አጠፍኩት። ምክንያቱም ይህን ታሪክ ጎጃም ሳይሆን እኛ ቤት አይቼዋለሁ።

ከዓመታት በፊት እህቴን አንድ ሶላቱን ጠባቂ፣ ጠባዩ የተመሰገነ ልብስ ሰፊ ጠይቋት ነበር። ሽማግሌዎቹ ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። አባታችን (አላህ ይዘንላቸው) «ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ዘሩ ግን አይታወቅም» ብለው መለሷቸው። ያኔ ጎረምሳ ነበርኩ፤ መድረሳ የተማርኩ ነኝ ባይም ነበርኩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዲኑንና ጠባዩን የወደዳችሁለት ሰው ሲመጣ ዳሩት ማለታቸውን ቀርቼ ነበር። አላስታወስኩም፤ ይልቁንም ራሴን እየነቀነቅሁ አባቴን ደገፍኩ። እህቴ ዛሬ አርባን አልፋለች።

ውድ አንባቢ! በፊቅህ ኪታቦች ስለ ተጋቢዎች መመጣጠን የሚናገር ምዕራፍ እንዳለ፣ ዑለሞችም በዝርዝሩ እንደሚለያዩ አውቃለሁ፤ ኢማም ማሊክ ከዘር ይልቅ ዲንን እንደሚያስቀድሙ ይታወቃል። የቁረይሿ ፋጢማ ቢንት ቀይስ ጠያቂዎች በመጡላት ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የመከሯት ኡሳማ ኢብን ዘይድን እንድታገባ ነው። ኡሳማ ነፃ የወጣ ባሪያ ልጅ ነው፤ እናቱም ሐበሻዊቷ ኡሙ አይመን ናት። ፋጢማ በመጀመሪያ ብታመነታም አገባችው፤ መልካምም ሆነላት። ይህን ለዓመታት አውቀው ነበር። ልቤ ውስጥ የገባው ግን ሰብለን ካየሁ በኋላ ነው። የተማርኩትን የሚያስታውሰኝ የሰው ፊት አስፈልጎኝ ኖሯል።

ከፈጅር ሶላት በኋላ እህቴን ቡና ስትቆላ አገኘኋት። «እትዬ፣ ያኔ ዝም ማለቴ ሳያንስ አባባን ደገፍኩ። አውፍ በይኝ» አልኳት። ለረጅም ጊዜ ቡናውን አማሰለች። «አውፍ ብያለሁ። ግን በወንድማችን ልጅ ላይ እንዳትደግሙት» አለችኝ።

ይህን ስል ልቦለድ ሁሉ ይነበብ ማለቴ አይደለም። በዚህም መጽሐፍ ውስጥ ከእምነታችን ጋር የማይሄድ ነገር አለ፤ ያልተጋቡ ወጣቶች በስውር መገናኘታቸውን አርአያ አድርጌ ለተማሪዎቼ አላቀርብም። ሆኖም ወላጆች መጽሐፉን ከልጅ እጅ ከመንጠቅ ይልቅ አብረው ቢያነቡና ቢወያዩበት የተሻለ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በቁርኣን የዩሱፍን ታሪክ ከታሪኮች ሁሉ ያማረ ብሎ አቅርቦልናል፤ ታሪክ ልብን እንደሚከፍት ከዚህ በላይ ምስክር የለም።

መጽሐፉን ለተማሪዬ መለስኩለት። «በሒሳብ ክፍለ ጊዜ አይደለም እንጂ ጨርሰው፤ ከዚያ እናወራለን» አልኩት። ማመን አቃተው።

ባለፈው ወር የወንድሜን ልጅ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች መጡ። ከመካከላችን አንዱ ገና «ዘሩ ከወዴት ነው?» ብሎ ሲጀምር «መጀመሪያ ስለ ሶላቱና ስለ ጠባዩ እንጠይቅ፤ ከዚያም የልጅቱን ፈቃድ» አልኩ። ቤቱ ዝም አለ። ከጓዳ በር አጠገብ ሆና ስታዳምጥ የነበረችው እህቴ ግን ሽማግሌዎቹን ቡና እንዲጠጡ ጋበዘቻቸው።

ወላሁ አዕለም።