«ካርዱ ሞቷል» ሲሏችሁ

ጠጋ በሉማ። ይህን የምነግራችሁ በሹክሹክታ ነው፤ የሙያ ጓደኞቼ ቢሰሙ ደስ አይላቸውም። በሲያትል ደቡብ፣ ከሬኒየር ጎዳና እምብዛም በማይርቅ አንድ ምድር ቤት ውስጥ የጌም ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ደንበኞቼ አብዛኞቹ የሐበሻ ልጆች ናቸው። ኮምፒውተሩን ይዘው የሚመጡት ግን እናቶቻቸው ናቸው፤ ከፋዮቹ እነሱ ናቸዋ።

ባለፈው ኅዳር አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር መጡ። ልጁ ኬዙን እንደ ሕፃን አቅፎታል።

«ወንድሜ» አሉኝ ገና ሳይቀመጡ፤ «ግራፊክስ ካርዱ ሞቷል ተብለናል። አዲሱ 800 ዶላር ነው አሉን። አባቱ ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ የሚያመጣት ብር ናት። እስቲ አንተ ደግሞ እየው።»

«ይቀመጡ እትዬ» አልኩና ወደ ልጁ ዞርኩ። «ሲጠፋ እንዴት ነው የሚጠፋው?»

«ጌም መሃል ላይ ድርግም ይላል፣ ጋሼ። ከዚያ ራሱ ይነሳል።»

«ጌሙ ነው ወይስ ኮምፒውተሩ?»

«ኮምፒውተሩ። መብራቱም፣ ፋኑም።»

የምርመራው ግማሽ እዚህ አለቀ። የመጀመሪያው ሹክሹክታዬም ይኸው ነው፦ ኮምፒውተር አሟሟቱ ሦስት ዓይነት ነው፤ አሟሟቱን ሳይጠይቅ «ካርዱ ነው» የሚል ጠጋኝ ገና ሥራ አልጀመረም።

አንደኛው፣ ስክሪኑ ለአፍታ ጠቁሮ ይመለሳል፤ ጌሙ ተዘግቷል፣ ኮምፒውተሩ ግን በሕይወት አለ። ይህ ከሐይቁ ማዶ ያሉት የሬድመንድ የዊንዶውስ መሐንዲሶች ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ገበያ ላይ ከዋለው ዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ካርዱ ለታዘዘው ሥራ በ2 ሰከንድ ውስጥ መልስ ካልሰጠ ዊንዶውስ «ተሰቅሏል» ብሎ ድራይቨሩን ራሱ ያስነሳዋል። የዊንዶውስን መዝገብ፣ ኢቨንት ቪወርን፣ ብትከፍቱ 4101 የሚል ቁጥር ጽፎ ታገኙታላችሁ። ይህን ሳይ የምጠረጥረው ድራይቨርን፣ ከልክ በላይ የተገፋ ፍጥነትንና ሙቀትን ነው። ሁለተኛው ሰማያዊው ስክሪን ነው፤ ብዙ ጊዜ ድራይቨሩን የማስነሳቱ ሙከራ አልሳካ ሲል የሚመጣ ነው። ሦስተኛው የዚህ ልጅ ነው፤ ሁሉም ነገር በአንዴ ድርግም። መዝገቡ ላይ «ከርነል ፓወር 41» ከሚል በቀር ምንም የለም፤ ትርጉሙም «ሳልሰናበት ጠፋሁ» እንደማለት ነው። ኑዛዜ ሳይተው የሄደን ኮምፒውተር ስመረምር መጀመሪያ የምጠይቀው መብራቱን ነው።

ጎኑን ስከፍተው ቀድሞ ያናገረኝ ሽታው ነው፤ ቡናና እጣን። አትሳቁ። የእኛ ቤት አቧራ እንደ ሌላው ቤት አቧራ በነፋስ ብን ብሎ አይሄድም፤ ጭሱ ያጣብቀዋል። የፋኑን ክንፍ ለብሶ፣ የካርዱን የብረት ዝንጣፊዎች ደፍኖ ይቀመጣል። ሲያትል ደግሞ ቀዝቃዛ ናት እያልን እንታለላለን። ሰኔ 28 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ሲታክ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የተለካው ሙቀት 42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበር፤ አየር ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት በሞላበት ከተማ። በዚያ ሳምንት ስልኬ አላረፈም።

አቧራውን ጠራርጌ የኃይሉን ኬብል ተከተልኩ። ካርዱ አርቲኤክስ 3080 ነው፤ ሥራ ሲበዛበት 320 ዋት ይጠጣል፣ ለቅጽበት ከዚያም በላይ ይዘላል። ማዘርቦርዱ ላይ የተሰካበት ቦታ የሚሰጠው ቢበዛ 75 ዋት ነው። ቀሪው በኬብል ይመጣል፤ ለእያንዳንዱ ባለ ስምንት ፒን መሰኪያ የተመደበው 150 ዋት ነው። ልጁ ግን ኬዙ ጽዱ እንዲመስል ብሎ ሁለቱንም መሰኪያዎች ጫፉ ላይ ሁለት ራስ ባለው በአንድ ኬብል ሞልቷቸዋል። ሁለት ሰው የሚሸከመውን አንዱ ተሸክሟል።

«ሁለተኛው ኬብል የት አለ?»

«ካርቶኑ ውስጥ፣ አልጋ ሥር» አለኝ አንገቱን ደፍቶ።

«ሮጠህ ሂድና እሱን አምጣ። የሌላ ፋብሪካ ኬብል እንዳታመጣ!» ይህን ማስጠንቀቂያ እናንተም ያዙልኝ። የተለያዩ ፓወር ሰፕላዮች ኬብል መልኩ ቢመሳሰልም የውስጥ ሽቦው አደራደር ሊለያይ ይችላል፤ ከመሳቢያ የተገኘ ኬብል ጤነኛውን ካርድ ሊያቃጥል ይችላል።

ልጁ እስኪመለስ ትልቁን ሹክሹክታ ልንገራችሁ። ካርድ መለወጥ ብዙ ጊዜ «የሚፈውሰው» ለምን ይመስላችኋል? አዲስ ካርድ ሲገባ ኬዙ ይከፈታል፣ አቧራው ይጠረጋል፣ ኬብሉ ተነቅሎ እንደገና ጠብቆ ይሰካል፣ ድራይቨሩም ይታደሳል። አራት ነገር በአንድ ጊዜ ተጠግኖ ምስጋናውን የሚወስደው አምስተኛው፣ 800 ዶላሩ ነው። አሮጌው ካርድ ደግሞ «የሞተ» ተብሎ ይጣላል፤ ወይም አንዱ ብልጥ ወስዶ ለዓመታት ይጫወትበታል። ጠጋኙ ሁልጊዜ አጭበርባሪ ነው ማለቴ አይደለም። በሦስት ሰዓት አንዴ የሚመጣን ብልሽት ለማየት ሦስት ሰዓት መቀመጥ ያስፈልጋል፤ ለመቀመጤ የሚከፍለኝ ሐበሻ ደግሞ እስካሁን አልገጠመኝም። እኔም ራሴ አንድ ጊዜ ተሳስቼ አንዱን ወንድማችንን አዲስ ካርድ አስገዝቼዋለሁ። በሳምንቱ ኮምፒውተሩ እንደገና ድርግም አለ። ጥፋቱ የፓወር ሰፕላዩ ነበር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው።

ትልልቆቹ ኩባንያዎችም ቢሆኑ ከዚህ ግራ መጋባት አላመለጡም። አርቲኤክስ 3080 መስከረም 2020 እ.ኤ.አ. ሲወጣ አንዳንዱ ጌም መሃል ይወድቅ ነበር። ጥፋቱ የካፓሲተሮቹ ነው ተብሎ ሰው ሁሉ የካፓሲተር ሊቅ ሆኖ ካርዱን ገልብጦ መቁጠር ያዘ። ካርድ ሠሪው ኢቪጂኤ ደግሞ አንዱ የካፓሲተር አደራደር የራሱን ፈተና እንዳላለፈና ሳይሸጥ እንደቀየረው ተናገረ። በዚያው ወር መጨረሻ ግን ኤንቪዲያ አዲስ ድራይቨር ሲያወጣ የብዙዎቹ ሕመም ጋብ አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 የታየው ደግሞ የባሰ ነው። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው መልእክት «የቪዲዮ ሜሞሪ አለቀ» የሚል ነበር። ይህን አንብቦ ካርዱን የማይጠረጥር ማን አለ? ጥፋተኛው ግን የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ሆኖ ተገኘ፤ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቀ ራሱን ይጎዳ ነበር። ኢንቴል ማስተካከያ አውጥቶ ዋስትናውን በሁለት ዓመት አራዘመ።

ለፍትሕ ሲባል ካርዱ በእርግጥ ጥፋተኛ የሆነበትንም ልጨምር። ሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. የዚሁ የሲያትል አማዞን «ኒው ዎርልድ» የተባለውን ጌም ለሙከራ ሲከፍት አንዳንድ አርቲኤክስ 3090 ካርዶች ጨርሰው ሞቱ። ሁሉም ጌሙን ረገመ። በኋላ ኢቪጂኤ የተመለሱለትን ካርዶች ራጅ አንስቶ የብየዳ ጉድለት አገኘባቸው፤ ቁጥራቸውም ሁለት ደርዘን ያህል ብቻ ነበር። ልብ በሉ፤ ፍርዱ የመጣው ከራጁ በኋላ ነው።

የእኔ ቅደም ተከተል ይህ ነው። በመጀመሪያ የተገፋውን ፍጥነት ሁሉ፣ የራሙን ጭምር፣ ወደ ፋብሪካው ልክ እመልሳለሁ። ቀጥዬ ዊንዶውስን በሴፍ ሞድ አስነስቼ አሮጌውን ድራይቨር ዲዲዩ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ከሥሩ ነቅዬ አዲስ እጭናለሁ። ከዚያ ጽዳትና ኬብል፤ እያንዳንዱ መሰኪያ እስከ መጨረሻው መግባት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2022 አርቲኤክስ 4090 ላይ መሰኪያዎች ሲቀልጡ የኤንቪዲያ መልስ «በደንብ ሳይገቡ ነው» የሚል ነበር። አራተኛው ዘዴ ሳንቲም አያስወጣም፦ የካርዱን የኃይል ጣሪያ ወደ 80 በመቶ ዝቅ አድርጉ። መውደቁ ከቆመ ጥርጣሬው ወደ ኃይሉና ወደ ሙቀቱ ያጋድላል። በስተመጨረሻ ካርዱን ነቅዬ ጤነኛነቱ የታወቀ ሌላ ኮምፒውተር ላይ እሰካዋለሁ። እዚያም ሲወድቅ በዓይኔ ካላየሁ «ሞቷል» የምትለዋ ቃል ከአፌ አትወጣም። በየመሃሉ የሚነካው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁለት ነገር በአንዴ የነካ የትኛው እንዳዳነው አያውቅም።

ልጁ ኬብሉን ይዞ መጣ። ሁለቱን ኬብሎች ለየብቻ ሰካሁና ልጁ ጌሙን ከፈተ። እናቱ ሻይ እየጠጡ ሁለት ሰዓት ተኩል ጠበቁ፤ ኮምፒውተሩ አልጠፋም። አቧራውንና ኬብሉን በአንድ ላይ ስለነካሁ የትኛው እንዳዳነው አልምልም፤ ያው ካርድ ግን እስካሁን ይሠራል።

እናንተም «ካርዱ ሞቷል» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ሦስት ጥያቄ አቅርቡለት፦ ሲጠፋ እንዴት ነበር የጠፋው? መዝገቡ ምን ይላል? ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሞክረኸዋል? ለሦስተኛው መልስ ከሌለው ገንዘባችሁን ወደ ኪሳችሁ መልሱ።