«ሃንግ ኦን»ን መተርጎም፦ ከጀርመንኛ እስከ ኩርሙክ ሰልፍ

በእንግሊዝኛ የዘወትር ንግግር «ሃንግ» መሰቀል፣ «ኦን» ደግሞ «ላይ» ማለት ነው። ሁለቱ ሲጣመሩ ግን ስለ መሰቀል የሚናገሩት ነገር የለም፤ ተናጋሪው ጥቂት እንዲጠበቅ መጠየቁን ብቻ ያመለክታሉ። ስለሆነም ክፍሎቹን ለየብቻ የሚተረጉም ሰው ትርጉሙን ያጣዋል።

ጀርመንኛ በዚህ ቦታ «ቫርተ ማል» ይላል። «ቫርተ» ጠብቅ ማለት ነው። «ማል» የመጣው «አንድ ጊዜ» የሚል ፍች ካለው «አይንማል» ከሚለው ቃል ሲሆን፣ እዚህ ላይ ቁጥርን አይገልጽም፤ ትእዛዙን ያለዝባል። የአማርኛው «አንዴ ቆይ»ም አሠራሩ ይኸው ነው። ዝምድና የሌላቸው ሁለት ቋንቋዎች «አንድ ጊዜ» የሚለውን ቃል ለአንድ ዓይነት ማለዘቢያ ማዋላቸው ለተርጓሚ መልካም አጋጣሚ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከአክብሮት ላይ ነው። እንግሊዝኛው ለሕፃንም ለሽማግሌም አንድ ነው። ጀርመንኛ ለማያውቁት አዋቂ «ቫርተን ዚ ማል» ማለትን ይጠይቃል። አማርኛ ደግሞ ቆይ፣ ቆዪ፣ ቆዩ፣ ይቆዩ ከሚሉት አንዱን ሳይመርጡ አያናግርም፤ አስተርጓሚው እንግሊዝኛው ያልነገረውን ከአድማጩ ፊት አንብቦ መሙላት አለበት።

ይህ በኩርሙክ የመማሪያ ክፍል ጥያቄ ብቻ አይደለም። በአሶሳ ዞን የምትገኘው ይህች የድንበር ከተማ ስሟን ከማዶዋ የሱዳን ከተማ ጋር ትጋራለች፤ በሱዳን ጦርነት ከተቀሰቀሰበት ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህም ብዙ ስደተኞችን ተቀብላለች። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ሲሆን፣ በአካባቢው በርታኛና የሱዳን ዐረብኛም ይነገራሉ። እንዲህ ባለ ቦታ ከውጭ የመጣ ሠራተኛ «ሃንግ ኦን» ቢል፣ አስተርጓሚው «ቆየት ብለው ይምጡ» ካለ አድማጩ ሰልፉን ትቶ ይሄዳል፤ ተራውንም ያጣል። «አንድ ደቂቃ» ማለትም ከስህተት አያድንም። በሱዳን ዐረብኛ «ደጊጋ» ማለት የተለመደ የማቆያ ቃል ነው፤ በፀሐይ ላይ ለቆመ ሰው ግን አማርኛው የተቆጠረ ጊዜ ቃል ኪዳን ሊመስል ይችላል። «እዚሁ አንዴ ይቆዩ» የሚለው ይሻላል፤ «እዚሁ» በእንግሊዝኛው ውስጥ ባይኖርም።

ሌላው ወጥመድ «ቱ» የምትባለው ትንሽ ቃል ናት። «ሃንግ ኦን ቱ» ሲባል መጠበቅ ቀርቶ አለመልቀቅ ይሆናል፤ ጀርመንኛም ግሱን ለውጦ «በሃልተን» ይላል። በአማርኛ ደግሞ «ጠበቀ» ሁለቱንም ስለሚይዝ «ወረቀቱን ይጠብቁ» የተባለ ሰው የያዘውን እንዲያኖር ይሁን ገና የሚመጣ ሌላ እንዲጠባበቅ አይለይለትም። የመመዝገቢያ ወረቀት በእጁ ለያዘ ስደተኛ «ይህን ወረቀት አይጣሉት፤ ከእጅዎ አይለይ» ቢባል ግልጽ ነው።