ሦስት የወሎ ክለቦች፣ አንድ ወንበር

ደሴና ኮምቦልቻን የሚለያቸው የሐረጎ ቁልቁለት ነው፤ ቢበዛ 25 ኪሎ ሜትር። በ2011 ዓ.ም. ደሴ ከተማና ወሎ ኮምቦልቻ በከፍተኛ ሊግ ምድብ ሀ ተፋጠጡ። በ2010 ከፕሪሚየር ሊጉ የወረደው ወልዲያም መጣባቸው። ሦስት የወሎ ክለቦች በአንድ ምድብ!

ደርቢው ደስ ይላል፤ ሒሳቡ ግን ጨካኝ ነው። 12 ክለቦች ተፋልመው የሚያድገው አንደኛ የወጣው ብቻ። ሁለተኛ ብትወጣ እንኳ «ለከርሞ ያድርሰን» ብለህ መመለስ ነው። ጎረቤት ጎረቤቱን ነጥብ ሲያስጥል የሚደሰተው ሌላው ነው፤ ወንበሩንም ሰበታ ከተማ ወሰደው።

«ይሄ የኛ አገር ጣጣ ነው» የሚል ካለ ጀርመንን ይመልከት። በዚያው የውድድር ዘመን የአራተኛው እርከን፣ የሬጂዮናልሊጋ፣ ሻምፒዮኖች አምስት ነበሩ፤ የሚያድጉት ግን አራት። የዎልፍስበርግ ሁለተኛ ቡድን የሰሜኑን ምድብ በአንደኝነት ጨርሶም በደርሶ መልስ በባየር ሙኒክ ሁለተኛ ቡድን 5 ለ 4 ተረትቶ ቀረ።

የእኛዎቹ ፈተና ግን ከሜዳም አለፈ። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ፤ የነጥብ ሒሳብ ተረሳ። ለካ በደርቢ ተሸንፎ መናደድም ሰላም ሲኖር ነው!