በሳምንት አራት ደቂቃ

ልጆች «ሰኞ ማክሰኞ» የሚሉት ጨዋታ አለ። መሬት ላይ በጠመኔ ስባሪ ወይም በእንጨት ጫፍ ሳጥኖች ይሠመራሉ፤ ጠፍጣፋ ጠጠር ይወረወራል፤ ከዚያ መስመር ሳይረግጡ በአንድ እግር እየዘለሉ ሄዶ መመለስ ነው። በአዲስ አበባ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግቢ በእረፍት ሰዓት የገባ ሰው ይህን ጨዋታ ሳያይ አይወጣም። ደወል ሲደወል ልጆቹ ጠጠራቸውን ኪሳቸው ከትተው ወደ ክፍል ይሮጣሉ። ክፍል ውስጥ የሚጠብቃቸውም ሳምንት በሳጥን የተከፋፈለ ነው፦ አምስት ቀን፣ በየቀኑ ጥቂት ክፍለ ጊዜያት፣ እያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ።

40 ደቂቃ ስንት ነው? የትምህርት ሚኒስቴር ለረጅም ዓመታት ለአንደኛ ደረጃ መለኪያ አድርጎ የያዘው በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ነው። መምህሯ ስም ሳትጠራ፣ ሰሌዳ ሳታጠፋ፣ «ዝም በሉ!» ሳትል፣ ሙሉውን ጊዜ ለልጆቹ ብታከፋፍለው ለአንዱ የሚደርሰው 48 ሰከንድ ነው። በየቀኑ አንድ የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ቢኖር በሳምንት 200 ደቂቃ ይሆናል፤ ለ50 ሲካፈል አራት ደቂቃ። አንድ ልጅ ድምፁን አውጥቶ ሲያነብ መምህሯ ጆሮዋን ሰጥታ የምትሰማው፣ ሲሳሳት የምታርመው፣ ቢበዛ በሳምንት ለእነዚህ አራት ደቂቃዎች ነው ማለት ነው።

ስለ ትምህርት ጥራት ሲወራ ሕንፃው ይነሣል፣ ኮምፒዩተሩ ይነሣል፣ የፈተናው ውጤት ይነሣል። አራቱ ደቂቃ ግን ሲነሣ ብዙም አይሰማም። የትምህርት ቤቱን ሳምንት ተጠግቶ ላየ ሰው ግን፣ ከጠዋቱ ሰልፍ እስከ ምገባው፣ ከክበቡ እስከ ሚኒ ሚዲያው፣ ብዙው ሩጫ እነዚህን ደቂቃዎች ለማራዘም ወይም ከመባከን ለማዳን ነው።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ግቢው ይሞላል። ተረኛ መምህሩ በር ላይ ቆሞ አርፋጆችን ለብቻ ያቆማል። ተማሪዎች በየክፍላቸው ይሰለፋሉ፤ ትንንሾቹ ከፊት፣ ስድስተኛ ክፍሎች ከኋላ። ሰንደቅ ዓላማ ሲወጣ ብሔራዊ መዝሙሩ ይዘመራል። ግጥሙን ደረጀ መላኩ መንገሻ ጽፎት፣ ዜማውን ሰሎሞን ሉሉ ምትኩ የሠራው ይህ መዝሙር ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በየትምህርት ቤቱ ይሰማል። ከፊት ረድፍ የቆሙትን የአንደኛ ክፍል ልጆች አፍ ልብ ብሎ ማየት ብዙ ያስተምራል። ዜማውን አንድም ሳይስቱ ይከተላሉ፤ ቃላቱ ግን በየልጁ አፍ ይለያያሉ። አንዱ ሁለት ቃል አጣብቆ አንድ ያደርጋል፤ ሌላዋ የማታውቀውን ቃል በምታውቀው ትተካለች። በጆሮ የገባ ነገር እንዲህ ነው። ልጁ «ያውቀዋል»፤ ተጽፎ ቢሰጠው ግን አያነበውም።

ይኸው ጉዳይ ከሰልፉ አልፎ ክፍል ውስጥም ይገባል። ግድግዳው ላይ የፊደል ገበታ ተሰቅሏል። ተስፋ ገብረ ሥላሴ በማተሚያ ቤታቸው አትመው በየቤቱ ያዳረሱትን ገበታ ያየ ወላጅ ወዲያው ያውቀዋል፦ 33 ተራ፣ በእያንዳንዱ ተራ ሰባት ቤት፣ በድምሩ 231 ፊደል። መምህሯ በእንጨት ትጠቁማለች፤ 50 ልጅ በአንድ ድምፅ ይከተላል። ከውጭ ለሚሰማ ሰው ክፍሉ በሙሉ የሚያነብ ይመስላል።

እዚህ ላይ ነው ብልሃት የሚያስፈልገው። የአማርኛ ፊደል ለልጅ ትልቅ ውለታ ይውላል፤ አንዴ የለየው ሰው የማያውቀውንም ቃል ቢሆን ድምፁን ማውጣት ይችላል። ቅርጹም ለሚያስተውል ልጅ ሥርዓት አለው። ካዕብ ላይ «ሉ»፣ «ቡ»፣ «ሱ» ሁሉም ወገባቸው ላይ በቀኝ በኩል ቅጥያ ያወጣሉ፤ ኃምስ ላይ «ሌ»፣ «ቤ»፣ «ሴ» በቀኝ እግራቸው ቀለበት ያጠልቃሉ። «ሰ» ራሱ ላይ መስመር ሲጨመርለት «ሸ» ይሆናል፤ «ተ» ደግሞ «ቸ»፣ «ነ» «ኘ»፣ «ደ» «ጀ»። ሳድስ ግን ልጆችን ያደናግራል። «ል»፣ «ብ»፣ «ት»፣ «ን»፣ «ር» እያንዳንዳቸው የራሳቸውን መንገድ ይዘው ይሄዳሉ። ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ በብዛት የሚገኘው ይኸው ሳድስ ነው። የሚጠብቀውና የሚላላው ድምፅም ምልክት የለውም። «ገና» የሚለውን ቃል ልጁ በዓሉ ይሁን «ገና ነኝ» የሚባለው ለመለየት ዐረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው መረዳት አለበት።

የድሮ የኔታዎች ይህን ችግር ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። «ሀ ሁ» ያለቀለት ልጅ በዜማ ይዞት ሊሆን ስለሚችል ወደ «አቡጊዳ» ያሻግሩታል፤ እዚያ ፊደሉ ተዘበራርቆ ስለሚመጣ ዜማው አያድነውም። ዛሬ ጎበዝ የአንደኛ ክፍል መምህርት የምታደርገውም ከዚህ አይርቅም። ከካርቶን የተቆረጡ ፊደላትን ትበትንና አንዱን ልጅ ጠርታ «‹ቤት›ን ሥራልኝ» ትለዋለች። ልጁ «ቤ»ን ወዲያው ያነሣል። «ት»ን ሲፈልግ እጁ «ተ» ላይ ያርፋል፤ ይነሣል፤ «ቸ»ን ይነካል፤ ዞር ብሎ የመምህሯን ፊት ያያል። እሷ ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች። ልጁ በከንፈሩ «ቤ… ት» እያለ ገበታውን ከላይ እስከ ታች በዓይኑ ፈልጎ «ት»ን ሲያነሣ 48 ሰከንዱ ካለቀ ቆይቷል። ሌሎቹ 49 ልጆችም መንጫጫት ጀምረዋል። ያ ልጅ ግን በዚያች ቅጽበት አንብቧል።

ይህ ጉዳይ ቀላል አለመሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ አለ። በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች በተካሄደ የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ ከተፈተኑት የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም። እነዚህ ልጆች ሁለት ዓመት ገደማ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው፣ በኅብረት እየጮኹ፣ ከሰሌዳ እየገለበጡ ቆይተዋል። በ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ሥር ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል የነበረው ነፃ ዝውውርም ልጁን ሳያነብ ወደሚቀጥለው ክፍል ያሳልፈው ነበር። ዓላማው ልጅ በለጋነቱ ወድቆ ከትምህርት እንዳይርቅ ነው፤ መልካም ዓላማ ነው። ነገር ግን የወደቀውን የሚያነሣ ተጨማሪ ሰዓት አብሮ ካልተመደበ፣ ያላነበበው ልጅ አራተኛ ክፍል ሲደርስ ሒሳቡንም አካባቢ ሳይንሱንም ማንበብ ያቅተዋል።

መፍትሔው ላይ መምህራን ራሳቸው የደረሱበት ቀላል ስሌት አለ። 50ውን ልጅ አምስት አምስት አድርጎ አሥር ቡድን ማውጣት፣ በየቡድኑ አንድ የተሻለ አንባቢ ማስቀመጥ፣ ሁሉም በየተራ እንዲያነቡ ማድረግ። 40 ደቂቃ ለአምስት ሲካፈል ስምንት ደቂቃ ነው፤ ከ48 ሰከንድ አሥር እጥፍ። ዋጋው ጫጫታ ነው። ክፍሉ ገበያ ይመስላል፤ በኮሪደሩ የሚያልፈው ርዕሰ መምህርም በር ከፍቶ «ምንድን ነው?» ማለቱ አይቀርም። መምህሯ ግን በዚያ ጫጫታ መካከል ጎንበስ ብላ ከቡድን ቡድን ትዞራለች፤ የቆመችበት ቡድን ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ያለፈችው ደግሞ ወደ ጨዋታው ሊመለስ ይችላል። ቢሆንም ጸጥ ካለው ክፍል ይልቅ በዚህ ጫጫታ ውስጥ ብዙ ልጅ ያነብባል።

ሳምንቱ በዚህ ብቻ አይሞላም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተግባራዊ በሆነው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት አንደኛ ደረጃ የሚያበቃው ስምንተኛ ላይ መሆኑ ቀርቶ ስድስተኛ ክፍል ላይ ሆኗል። ግብረ ገብ ራሱን ችሎ ይሰጣል፤ «ክወናና እይታ ጥበባት» የሚባለው ትምህርት ሙዚቃን፣ ሥዕልንና ድራማን በአንድ ላይ ይዟል። በአዲሱ ሥርዓት መጀመሪያ ላይ መጽሐፍ በወቅቱ ታትሞ ለሁሉም ባለመድረሱ መምህራን ትምህርቱን ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ፣ ልጆች ደግሞ ሲገለብጡ ክፍለ ጊዜው ያልቅ ነበር። አንድ መጽሐፍ ለሦስት ሲደርስ ከመሐል የተቀመጠው ልጅ ያነብባል፤ ግራና ቀኝ ያሉት አንገታቸውን ያሰግጋሉ። መጽሐፍ ማድረስ የሎጂስቲክስ ወሬ ቢመስልም የአራቱ ደቂቃ ጉዳይ ነው።

ምግብም እንደዚሁ።

በአዲስ አበባ የተማሪዎች ምገባ የተጀመረው በ2007 ዓ.ም. «የእናት ወግ» በተባለ የበጎ አድራጎት ማኅበር ነው። በኋላ የከተማው አስተዳደር ራሱ ያዘውና በ2012 ዓ.ም. 300 ሺሕ ለሚሆኑ ተማሪዎች ቁርስና ምሳ ማቅረብ ጀመረ፤ ዩኒፎርምና ደብተርም በነፃ ይሰጥ ጀመር። ከዚያ በፊት ያዩት ስለነበረው ነገር መምህራን ሲናገሩ ልብ ይነካል፦ ሰልፍ ላይ ቆሞ የሚወድቅ ልጅ፣ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ዴስኩ ላይ ተደፍቶ የሚተኛ ልጅ፣ ምሳ ዕቃ ሳይዝ መጥቶ ጓደኞቹ ሲበሉ ውኃ ልጠጣ ብሎ የሚወጣ ልጅ። እንዲህ ላለ ልጅ 48 ሰከንድም ሆነ ስምንት ደቂቃ ቢሰጡት ምን ይሠራለታል?

አሁን ጠዋት ከሰልፍ በፊት ከማብሰያው የሚወጣው ጭስና የሽንኩርት ሽታ ግቢውን ያውደዋል። የሚያበስሉት «መጋቢ እናቶች» ይባላሉ፤ ብዙዎቹ ከዚያው ሰፈር የመጡ፣ ቀድሞ ሥራ ያልነበራቸው ሴቶች ናቸው፤ አንዳንዶቹ በዚያው ግቢ የሚማሩ ልጆች አሏቸው። ፍርፍር፣ ዳቦ በሻይ፣ ሩዝ፣ ምስር ወጥ እየተፈራረቀ ይቀርባል። ልጆች እጃቸውን ታጥበው፣ በተራ ሳህናቸውን ይዘው ይቆማሉ። መጋቢ እናቶቹ የልጆቹን ስም ባያውቁ እንኳ አበላላቸውን ያውቃሉ። ትናንት የበላ ልጅ ዛሬ ግማሽ ሲተው «ምነው ልጄ፣ አመመህ?» ብሎ የሚጠይቀው የመጀመሪያው ሰው ብዙ ጊዜ ጭልፋ የያዘችው እናት ናት። ረቡዕና ዓርብ የሚጾሙ ቤተሰቦች ልጆችም ስላሉ ሽሮና ምስሩ በእነዚያ ቀናት ተፈላጊ ነው።

ሐሙስ የክበባት ነገር ይነሣል። የቀይ መስቀል፣ የአካባቢ ጥበቃ፣ የሥነ ጽሑፍ፣ የልጃገረዶች ክበብ፤ ዝርዝሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ረዘም ብሎ ይታያል፤ በእርግጥ የሚንቀሳቀሰው ግን ጥሩ ተጠሪ መምህር ያገኘው ነው። ስድስተኛ ክፍሎች ለዚህም ብዙ ጊዜ የላቸውም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ በስድስተኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና ስለሚሰጥ፣ ቀድሞ ስምንተኛ ክፍል ላይ ብቻ የነበረው የ«ሚኒስትሪ» ጭንቀት ወደ 12 ዓመት ልጆች ወርዷል። ቱቶሪያሉ ቅዳሜንም ይወስዳል።

ዓርብ ሚኒ ሚዲያው ያለበት ግቢ ከሌላው ቀን የተለየ ድምቀት አለው። አንዲት አምስተኛ ክፍል ተማሪ ወረቀት ይዛ ማይክሮፎኑ ፊት ቆማለች። ማይክሮፎኑ ያፏጫል፤ መምህሩ ወደ ኋላ ሳብ ያደርግላታል። «ውድ ተማሪዎች፣ ውድ መምህራን…» ትጀምራለች። እጇ እየተንቀጠቀጠ ወረቀቱ ይንኮሻኮሻል፤ የማይክሮፎኑ ድምፅ ያንን ሁሉ ያሰማል። «አስተዋጽኦ» የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ ትቆማለች፤ «አስ… አስተዋ…» ትላለች፤ ከታች ልጆች ይስቃሉ። መምህሩ አያርማትም። ሦስተኛ ጊዜ ስትሞክር ቃሉ ሙሉ ሆኖ ይወጣል፤ ድምፅዋም ከዚያ በኋላ አይንቀጠቀጥም። ሦስት ደቂቃ አንብባ ትወርዳለች፤ የሳምንቱ ድርሻዋ በአንድ ቀን ሊሞላ ምንም አልቀረውም። በየሳምንቱ ማይክሮፎኑ የሚሰጠው ለእነዚያው ለታወቁት ጎበዞች መሆኑ ግን ያሳዝናል። ቃል ላይ ለሚቆሙት በተራ ቢዳረስ ግቢው ሁሉ ሰሚ በሆነላቸው ነበር።

በዚያው ቀን የጁምዓ ሰላት ስላለ የምሳ ሰዓቱ ረዘም ይላል። ትምህርት ሲያልቅ «ወላጅ አምጣ» የተባለ ልጅ ቦርሳውን እየጎተተ ይወጣል፤ ሰኞ ጠዋት እናቱን ወይም ታላቅ ወንድሙን ይዞ ዘበኛው ጋር መቆም አለበት። ሌሎቹ በር ላይ ቆሎ ገዝተው ይበተናሉ።

ከትምህርት ቤቱ አጥር ወረድ ብሎ አንዲት የአንደኛ ክፍል ልጅ ከአራተኛ ክፍል እኅቷ ጋር ትሄዳለች። ሰፈሩ በሙሉ ተጽፎበታል፤ ሱቅ፣ ዳቦ ቤት፣ የታክሲ ጀርባ። ትንሿ አንዱ በር ላይ ትቆማለች። ጣቷን ዘርግታ «ፀ… ጉ…» ትላለች። «እንሂድ፣ እማዬ ትጠብቀናለች» ትላታለች ታላቋ። ልጅቷ አልሰማቻትም። «ፀ… ጉ… ር… ቤ… ት። ፀጉር ቤት!» ታላቋ እኅት ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ መሬት ታስቀምጥና ቀጥሎ ወዳለው በር በአገጯ ትጠቁማታለች። «እሺ፣ ያኛውስ?»