የጨረቃ ቍጥርና የኮከብ ጥንቈላ

በግዕዝ ቋንቋ ወርኅ ሲባል ጨረቃም ወርም ማለት ነው። በነቀምት፣ በጊምቢ፣ በነጆና በደምቢዶሎ የሚነገረው ኦሮምኛም ጂአ ብሎ ሁለቱን በአንድ ስም ይጠራል። ይህም የጥንት አባቶች ዘመንን የለኩት ጨረቃን አይተው እንደ ነበረ ያስረዳል።

በኦሮሞ ዘንድ አያንቱ የሚባሉ የቀን ዐዋቂዎች ጨረቃን ከከዋክብት ጋር አስተያይተው ወራቱን ይለያሉ። ፕሮፌሰር አስመሮም ለገሰ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ እንደ ገለጹት፣ በቦረና ዓመቱ 12 የጨረቃ ወራት፣ ማለት 354 ቀን ነው፤ ቀኖቹም 27 ስሞች አሏቸው።

የቤተ ክርስቲያናችን ባሕረ ሐሳብም እንደዚሁ የጨረቃን ዓመት 354 ቀን ይለዋል። ከፀሐይ ዓመት የሚጐድለው 11 ቀን የአበቅቴ መሠረት ሲሆን፣ ስሌቱ በየ19 ዓመቱ ይመለሳል። ይህን ቍጥር ያስተማረው የእስክንድርያው 12ኛ ፓትርያርክ ድሜጥሮስ መሆኑን ሊቃውንት ይተርካሉ። ስለዚህ በነቀምት ያለ ቤተሰብ ዐቢይ ጾምን የሚጀምርበትና ፋሲካን የሚያከብርበት ዕለት ከጨረቃ ቍጥር ጋር የተያያዘ ነው።

ዳሩ ግን ሰው ለቍጥር የተሰጠችውን ብርሃን አምላክ አደረጋት። አብርሃም የወጣባት ዑር የጨረቃ ጣዖት ከተማ ነበረች። በአገራችንም የጥንቶቹ የአክሱም ገንዘቦች የጨረቃ ምልክት ነበረባቸው፤ ንጉሥ ዒዛና በ4ኛው መቶ ዓመት ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ ግን በቦታው መስቀል ተተካ።

አምልኮው ቢቀርም ዕድልን ከሰማይ የመጠየቅ ልማድ አልቀረም። አውደ ነገሥት የሚገልጡ ሰዎች የሰውየውንና የእናቱን ስም ፊደላት በቍጥር ደምረው ለ12 ይገድፋሉ፤ የተረፈውንም ኮከቡ ነው ይላሉ። በዚህ ምክንያት «ኮከባቸው አልገጠመም» ተብሎ የሚለያዩ እጮኞች አሉ። ከፊደል ቍጥር የተረፈ አኃዝ ስለ ልጅቱ ትዕግሥት፣ ስለ ልጁም ትጋት ምን ሊያውቅ ይችላል?

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ቍጥርንና ጥንቈላን እንለይ። የአያንቱም ሆነ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት የቈጠሩት ዕውቀት ለልጆቻችን የሚተላለፍ ቅርስ ነው። ጋብቻ በታሰበ ጊዜ ግን የልጆቹን ፈቃድ መጠየቅ፣ ጠባያቸውንና ጤንነታቸውን መመርመር፣ ከንስሐ አባት ጋር መመካከር ይገባል። ጨረቃ በአራተኛው ቀን የተፈጠረችው ዘመንን ለመለየት ነው፤ ትዳርን ለማፍረስ አይደለም።