ሬሳ የሚራመድበት ጨዋታና የአንዲት ሕፃን ሞግዚት

ሙታን ከመቃብር ተነሥተው ሕያዋንን ስለሚበሉበት ጨዋታ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ሲጻፍ ብታዩ ሳትደነቁ አትቀሩም። የስሙ ትርጓሜ «የሚራመዱ ሙታን» የሆነ ጨዋታ ወደ ቤቱ እንደ ገባ የሰማ አባት፥ ይህን ርኩስ ነገር ከልጆቼ አርቁልኝ ቢል አይፈረድበትም። እንዲያውም እስከ መጨረሻው ሲነበብ እንደሚታየው ቍጣው በከፊል እውነት አለው። ዳሩ ግን ይኸው ጨዋታ በ2012 ዓመተ ምሕረት (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ነው) በወጣ ጊዜ፥ ጨዋታን መርምሮ መፍረድ ሥራቸው የሆነ ጸሐፊዎች ስለ ሬሳው ጥቂት ብቻ ተናግረው፥ ብዙውን ቃላቸውን ያዋሉት ስለ አንዲት የ8 ዓመት ሕፃንና ስለ ሞግዚቷ ነበር። ከእነርሱም ብዙዎቹ በመጨረሻው ክፍል እንባ እንደ መጣባቸው ሳያፍሩ ጽፈዋል። ይህ እንዴት እንደ ሆነ መመርመር የሚገባ ይመስለናል።

የታሪኩ ምንጭ ሚስተር ሮበርት ኪርክማን የተባሉ አሜሪካዊ ደራሲ ከ2003 ጀምሮ በሥዕል እያስጌጡ ያሳተሙት ተከታታይ መጽሐፍ ነው። ጨዋታውን የሠራው ደግሞ ቴልቴል ጌምስ የተባለ የካሊፎርንያ ኩባንያ ሲሆን፥ በ2004 ሲቋቋም መሥራቾቹ ቀድሞ ሉካስ አርትስ በተባለው ቤት ያገለግሉ የነበሩ ሰዎች ነበሩ። ይህ ኩባንያ ጨዋታን እንደ ጋዜጣ ልብ ወለድ ከፋፍሎ ማውጣትን ልማድ አድርጎ ነበር። ቢሆንም ከአንድ ዓመት በፊት በ2011 ያወጣው የጁራሲክ ፓርክ ጨዋታ ብዙ ነቀፋ ስለ ደረሰበት፥ ስለ አዲሱ ሥራ ትልቅ ተስፋ ያደረገ ሰው ጥቂት ነበር። የሥራው መሪዎች ሚስተር ሾን ቫናማንና ሚስተር ጄክ ሮድኪን ነበሩ። አምስቱ ክፍሎች ከ2012 ሚያዝያ እስከ ኅዳር ድረስ ተራ በተራ ወጡ፤ የእያንዳንዱም ዋጋ 5 ዶላር ያህል ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው በአሜሪካ በጆርጂያ ክፍለ ሀገር ነው። ሊ ኤቨረት የተባለው ሰው በዩኒቨርሲቲ ታሪክ ያስተምር የነበረ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ከሚስቱ ጋራ ያገኘውን አንድ ሴናተር በመግደሉ ተፈርዶበት በፖሊስ መኪና ወደ ወህኒ ሲወሰድ፥ መኪናው ከመንገድ ላይ አንዱን ተራማጅ ሬሳ ገጭቶ ገደል ይገባል። ሊ ቈስሎ ከዚያ ከወጣ በኋላ ወደ አንድ ቤት ይደርሳል። በዚያም ወላጆቿ ወደ ሳቫና ከተማ ሄደውባት በዛፍ ላይ በተሠራች ትንሽ ጎጆ ውስጥ ተሸሽጋ የምትኖር ክሌመንታይን የምትባል ሕፃን ያገኛል። ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ሁሉ ነፍሰ ገዳዩ ሰው ያልወለዳትን ልጅ ይዞ የሚሄድበት መንገድ ነው። ወላጆቿን ፍለጋ ሳቫና ድረስ ይጓዛሉ፤ የሚያገኙትም የሚያስደስት አይደለም።

አጨዋወቱ እንደ ሌሎቹ የጦር ጨዋታዎች አይደለም። ጠላትን መትቶ ነጥብ መሰብሰብ በዚህ ውስጥ ትንሽ ቦታ ብቻ ነው የተሰጠው። ተጫዋቹ የሊን ቦታ ይይዛል፤ አንድ ሰው ሲናገረው አራት ያህል የመልስ ዓይነት በመስኮቱ ላይ ይቀርብለታል፤ ለመምረጥም የሚሰጠው ጊዜ ጥቂት ሰኮንድ ነው። ሰኮንዱ ካለፈ ዝም እንዳለ ይቈጠርበታል፤ ዝምታም መልስ ነው። ሕፃኒቱ በቦታው ካለች ደግሞ፥ የሆነውን ነገር ልብ እንዳለችውና እንደማትረሳው የሚገልጽ አጭር ቃል ከማዕዘኑ ብቅ ይላል። ጸሐፊዎቹ ከሁሉ አብልጠው ያነሡት ይህችን ትንሽ ማስታወቂያ ነው። ሬሳ ቢመጣ ይሸሿል ወይም ይመቱታል፤ ልጅ እያየች ስለ ዋሹት ውሸት ግን ምን ይደረጋል?

ምሳሌውን ከሁለተኛው ክፍል ብንወስድ ይበቃል። ከሞት የተረፉት ወገኖች በአንድ የመንገድ ዳር ማረፊያ ቤት ተጠግተው ሳሉ እህላቸው ያልቅና ሊ የዕለቱን ምግብ እንዲያካፍል ይታዘዛል። ያለው አራት ቍራሽ ብቻ ነው፤ የራበው ሰው ግን ወደ ዐሥር ይጠጋል። ለሕፃናቱ ቢሰጥ ሽማግሌው ይቈጣል፤ ለሽማግሌው ቢሰጥ የሕፃኑ አባት ያዝንበታል፤ ለራሱ ቢያስቀር ክሌመንታይን ታየዋለች። በዚህ ቦታ የሚተኰስ ጠመንጃ፥ የሚሮጥ ፈረስ የለም፤ ነገር ግን በየመጽሔቱ ሲጠቀስ የኖረው ይህ ነው። በዚያው ክፍል መጨረሻ ላይ ባለቤት የሌለው የሚመስል መኪና እህል ተሞልቶ በጫካ ይገኛል። ሊ እንውሰድ ቢልም ባይልም ጓደኞቹ ይወስዱታል። ከብዙ ቀን በኋላ በአምስተኛው ክፍል የመኪናው ባለቤት ይመጣና ሊን ፊት ለፊት አስቀምጦ፥ ካደረገው ሥራ አንዱን ከአንዱ እያነሣ ይጠይቀዋል። ተጫዋቹ ረስቶት የነበረው ነገር ሁሉ በዚያ ይቈጠራል። በቤቱ ተቀምጦ ይጫወት የነበረ ሰው በፍርድ አደባባይ የቆመ ያህል ሆኖ ተሰማኝ ብሎ ቢናገር የሚያስደንቅ አይደለም።

ለሊ ድምፁን የሰጡት ሚስተር ዴቭ ፌኖይ፥ ለክሌመንታይን የሰጡት ደግሞ ሜሊሳ ሀቺሰን የተባሉ ተዋናይት ናቸው። የሁለቱም ሥራ በሰፊው ተመስግኗል። በጨዋታ ውስጥ ሕፃን ስትገባ አብዛኛውን ጊዜ የምታሰለች ወይም የምትጐተት ሸክም ትሆን ነበር። ክሌመንታይን ግን የምትጠይቅ፥ የምትታዘብ፥ አንዳንዴም ከትልቆቹ ይልቅ የምታስተውል ልጅ ሆና ተገኘች። ከዚህም ጋራ ጥቁር ሰው፥ የተማረ ሰው፥ ኃጢአቱም ደግነቱም የተሟላ ሰው ሆኖ የጨዋታ ዋና ባለታሪክ መሆኑ በዚያ ጊዜ እምብዛም ያልተለመደ ስለ ነበረ፥ ብዙዎች ይህንን ለይተው አመስግነዋል።

በክፍል በክፍል የሚወጣ ሥራን መፍረድ ለፈራጆቹም አስቸጋሪ ሆኖባቸው ነበር። መጽሐፍ አንባቢ ፍርዱን የሚሰጠው መጨረሻውን ገጽ ከዘጋ በኋላ ነው። እነዚህ ግን ለእያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ከ100 ነጥብ እየሰጡ፥ ቀጣዩን ሁለት ወር ያህል መጠበቅ ግድ ሆነባቸው። ሦስተኛው ክፍል በሐዘኑ ምክንያት ከፍ ያለ ምስጋና አገኘ፤ በዚያ ክፍል አንድ አባት የተነከሰውን ልጁን በገዛ እጁ ይገላግለው ወይስ ለሊ ይተውለት የሚለው ጥያቄ አለና። አራተኛው ከሌሎቹ ያነሰ ተብሎ ተነቀፈ፤ ድልድይ ብቻ ነው ያሉም አሉ። አምስተኛው ሲወጣ ግን ፍርዱ ሁሉ ተመልሶ ወደ ላይ ወጣ። በጠቅላላው ሲታይ ጨዋታው ከ100 ወደ 90 ገደማ የሚጠጋ ነጥብ አገኘ። ለእኛ እንደሚመስለን የሁለቱ ወር ጥበቃ ራሱ ጠቅሞታል፤ አያት ተረቱን ቈርጣ የቀረውን ለነገ ስታቈይ ልጆች ሌሊቱን ሙሉ ሲያስቡት እንደሚያድሩ ማለት ነው።

በ2012 ታኅሣሥ ስፓይክ የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ባደረገው የሽልማት በዓል የዓመቱ ጨዋታ ተብሎ ተመረጠ፤ ቴልቴልም የዓመቱ ምርጥ የጨዋታ ቤት ተባለ፤ ሜሊሳ ሀቺሰንም ስለ ድምፃቸው ተሸለሙ። በትልቅ ገንዘብ በተሠሩ ሥራዎች መካከል በ5 ዶላር የሚሸጥ ትንሽ ነገር አንደኛ መውጣቱ ብዙ ሰው አስገረመ። በ2013 መጋቢትም ባፍታ የተባለው የእንግሊዝ ማኅበር በታሪክ አጻጻፍና በእጅ በሚያዝ መሣሪያ በሚሠራ ጨዋታ ሁለት ሽልማት ሰጠው። በ2013 መጀመሪያ ላይ የተሸጡት ክፍሎች ቍጥር 8 ሚልዮን ከግማሽ እንደ ደረሰ ኩባንያው አስታወቀ።

ነቀፋውም ቀላል አልነበረም። አንደኛው የመሣሪያው ጕድለት ነው፤ ሥዕሉ እየተንገጫገጨ ይቆማል፤ ከዚህ የባሰው ደግሞ አንዳንድ ሰዎች በቀደሙት ክፍሎች የመረጡት ምርጫ መዝገብ ጠፍቶባቸው ነበር። ሁሉን እናስታውሳለን በሚል ጨዋታ ላይ ይህ መድረሱ የሚያሳፍር ነው።

ሁለተኛው ነቀፋ ግን ወደ ሥራው ልብ የሚገባ ነው። ምርጫው እውነተኛ ነውን? በመጀመሪያው ክፍል ሁለት ልጆች በአንድ ጊዜ በአደጋ ሲያዙ ተጫዋቹ አንዱን ሊረዳ ይችላል፤ ሾን የተባለውን ቢረዳም ባይረዳም ግን ሾን ይሞታል። በዚያው ክፍል ከዳግና ከካርሊ አንዱን ብቻ ማዳን ይቻላል፤ የዳነው ማንም ይሁን ማን፥ በሦስተኛው ክፍል ይገደላል። ጨዋታውን ሁለተኛ ጊዜ የጀመሩ ሰዎች መንገዱ ሁለት መስሎ መዳረሻው አንድ መሆኑን ባዩ ጊዜ ተታለልን አሉ። ነቃፊዎቹ የተናገሩት ሐሰት አይደለም። ነገር ግን እኛ በዚህ ከእነርሱ ጋራ ሙሉ በሙሉ አንስማማም። በሰው ሕይወትም ቢሆን የታመመን ልጅ ያስታመመችና ያላስታመመች እናት ሞት አንድ ጊዜ ከመጣ ሁለቱም ያው ያዝናሉ፤ ሐዘናቸው ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ጨዋታው የሚለውጠው የሚሆነውን ሳይሆን ያደረገውን ሰው ነው። በዚያም ላይ በእያንዳንዱ ክፍል መጨረሻ ከተጫወቱት ሰዎች ከመቶ ስንቱ እንዲህ፥ ስንቱ እንዲያ እንዳደረገ ቍጥሩ ይገለጣል። ብቻዬን ነኝ ብሎ የመረጠ ሰው በዚያ ጊዜ ከብዙ ሕዝብ ጋራ ይመዘናል።

ጨዋታ ሊባል አይገባውም፥ የሚነካ ሲኒማ ነው ያሉም ነበሩ። ስለ ስሙ የሚደረገው ክርክር እምብዛም አያሳስበንም።

ለአባቶችና ለእናቶች ግን አንድ ነገር በግልጥ መነገር አለበት። ይህ የልጆች ጨዋታ አይደለም። በአሜሪካ የሚፈቀደው ከ17 ዓመት በላይ ለሆነ፥ በአውሮጳ ደግሞ ለ18 ዓመት ሰው ነው፤ ምክንያቱም ደሙ፥ ስድቡና የሰው ሥጋ የሚበላበት ታሪክ ሁሉ በውስጡ አለ። ሕፃን በሥዕሉ ስላለች ለሕፃን የተሠራ ነው ብሎ መገመት ስሕተት ነው። እንዲያውም ከማንም ይልቅ የሚነካው ልጅ ያሳደገን ሰው ነው። በመጨረሻው ክፍል ሊ ተነክሶ ሊሞት ሲቃረብ፥ እጁ ታስሮ በወለል ላይ እንደ ተቀመጠ ለልጅቱ የመጨረሻ ምክሩን መናገር አለበት፤ እንድትገድለው ወይም ትታው እንድትሄድም የሚያዝዛት እርሱ ነው። የተጫዋቹ እጅ በዚያን ጊዜ ምንም የሚሠራው የለም፤ የሚቀርለት ምን እንደሚነግራት መምረጥ ብቻ ነው።

ቴልቴል ከዚህ በኋላ በዚሁ ዘዴ በብዙ ታዋቂ ስሞች ላይ ጨዋታ ሠራ፤ ከዓመት ወደ ዓመትም ጸሐፊዎቹ ያው የድሮው መሣሪያ፥ ያው የምርጫ ጥላ እያሉ መሰልቸታቸውን ገለጡ። ምስጋናው ያሳደገው ቤት በዚያው ምስጋና ተይዞ መለወጥ ያቃተው ይመስላል። በ2018 መስከረም በአንድ ቀን ወደ 250 የሚጠጉ ሠራተኞች ያለ ምንም የስንብት ክፍያ ተሰናበቱ፤ የክሌመንታይን የመጨረሻ ታሪክ ገና በግማሽ ላይ ነበረ። ሚስተር ኪርክማን ያቋቋሙት ስካይባውንድ የተባለው ኩባንያ ሥራውን ተረክቦ፥ ከተሰናበቱት ሠራተኞች አንዳንዶቹን መልሶ በማሠራት በ2019 መጋቢት ፈጸመው። በዚያ በመጨረሻው ታሪክ ክሌመንታይን አድጋ፥ ራሷ ያልወለደችውን ኤጄ የተባለ ትንሽ ልጅ ስታሳድግ ትታያለች። ተጫዋቹም አሁን የእርሷን ቦታ ይዞ ይመልሳል፤ ሕፃኑም በበኩሉ የምትናገረውን ሁሉ ያዳምጣል።