ወራጅ አለ ያላለ ኮድ

ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት የረሳ ሰው መውረጃው ያልፈዋል። በሲ ቋንቋ የተጻፈ ኮድም እንዲሁ ነው። ስዊች በሚባለው የምርጫ መዋቅር ውስጥ ከአንድ ኬዝ መጨረሻ ላይ ብሬክ ከቀረ፣ ፕሮግራሙ ሳይወርድ ወደሚቀጥለው ኬዝ ይነዳና የማይመለከተውን ትእዛዝ ይፈጽማል። ችግሩ፣ አንዳንዴ ፕሮግራመሩ ይህን የሚያደርገው አውቆ ነው። ኮዱን ብቻ ያየ ሰው ረስቶ ይሁን አስቦበት ሊለይ አይችልም።

እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የጂሲሲ 7 ኮምፓይለር እንዲህ ያለውን ቦታ «ይሄ ነገር አላማረኝም» ማለት ጀመረ። ማስጠንቀቂያ እንደ ስህተት ሥራ አያስቆምም፤ ተናግሮ ያልፋል። የሊኑክስ ከርነል ሰዎች ግን ዝም ብለው አላለፉትም። ቦታዎቹን አንድ በአንድ መርምረው በ2019 በወጣው 5.3 እትም ማስጠንቀቂያውን ለመላው ከርነል አበሩት። ዛሬ አውቆ የሚያልፍ ፕሮግራመር «ፎልስሩ» የሚል ቃል በግልጽ ይጽፋል።

ከከርነሉ ኮድ ከግማሽ በላዩ ድራይቨር ነው፦ የኔትወርክ ካርዱን፣ ድምፁን፣ ዩኤስቢውን የሚያናግረው ክፍል። ብዙ ጀማሪ ፈቃደኞችም ሥራቸውን የሚጀምሩት የድራይቨር ማስጠንቀቂያ በማረም ነው። ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ኮምፓይለሩ «ይህ ተለዋዋጭ ዋጋ ተሰጥቶታል፣ ማንም ግን አልተጠቀመበትም» ይላል እንበል። ጀማሪው መስመሩን ይሰርዛል፤ ማስጠንቀቂያው ይጠፋል። ነገር ግን ያ ዋጋ «ዕቃው አልመለሰልኝም» የሚል የስህተት ቁጥር ከነበረ፣ መሰረዝ ሳይሆን መፈተሽ ነበረበት። ከዚህ የባሰም አለ። በብዙ ዕቃዎች ላይ የሁኔታ ሬጅስተር ሲነበብ ወዲያውኑ ይጸዳል። ዋጋውን ማንም ባይፈልገውም ማንበቡ ራሱ ሥራ ነው። ንባቡን ከተለዋዋጩ ጋር የሰረዘ ሰው ዕቃው ጥሪውን ሳያቆም እንዲጮህ ትቶት ይሄዳል። ኮምፓይለሩ ይህን አያውቅም፤ የሚያውቀው የዕቃውን ሰነድ ያነበበ ነው።

ከድራይቨር ወጣ ብለን የደቢያንን ታሪክ እንይ። እ.ኤ.አ. በ2006 ኦፕንኤስኤስኤል በተባለው የምስጠራ ሶፍትዌር ጥቅል ላይ የሚሠራ ሰው ቫልግሪንድ የተባለው መመርመሪያ «ዋጋ ያልተሰጠው ሜሞሪ» እያለ ሲያስቸግረው ሁለት መስመሮችን ከሥራ አወጣ። አንደኛዋ መስመር ቁልፎች የሚፈልጉትን የዘፈቀደ ግብዓት የምታቀላቅል ነበረች። ከዚያ በኋላ የተረፈው የዘፈቀደ ምንጭ የፕሮሰስ መለያ ቁጥር ብቻ ሆነ፤ እሱም ከ32,768 አይበልጥም። ስህተቱ ይፋ የሆነው በግንቦት 2008 ነው፤ የደቢያንና የኡቡንቱ ተጠቃሚዎችም ቁልፎቻቸውን እንደገና መፍጠር ነበረባቸው።

ስለዚህ እርማት የምትልኩ ሁሉ፣ በመግለጫችሁ ላይ «ማስጠንቀቂያው ጠፍቷል» ብቻ አትበሉ። ለምን እንደመጣ ጻፉልን።